የልብ መዛኙ ዜሮ

«ለአዲሱ የሕፃናት ሆስፒታል፣ ሁለት ሚሊዮን ብር!» አለ ነጋዴው፣ መዳፉን መስታወቱ ላይ ጭኖ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ልብ መዛኙ ጥቂት አጉረመረመና «ሰባ አንድ» አለ።

የነጋዴው ፊት ልውጥውጥ አለ። «እንዴት ሆኖ ነው ሰባ አንድ?»

«እኔ እንጃ፤ የእርስዎ ልብ ነው» አለች ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ዘቢደር አንዳርጌ። «የሆስፒታሉ በር ላይ ስምዎ ይጻፋል መሰለኝ?»

«እሱማ ይጻፋል። እነሱ ናቸው ካልተጻፈ ብለው ያስቸገሩኝ!»

«እንግዲህ ሰባ አንዱ እሱ ነው። ከግብር የሚቀነስልዎ የቀረው ሃያ ዘጠኝ በመቶ ብቻ ነው።»

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ይህ የየዕለት ነገር ነበር። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ሰማዩን በሸፈነው የጥላ ሸራ ሥር፣ በዳቦ ቤቱና በፀጉር ቤቱ መካከል የልገሳ መስኮት አለ። ሰው ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲሰጥ መዳፉን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል፤ ማሽኑም ከደም ሥሩ ምትና ከቆዳው ላብ ተነሥቶ፣ ሰውየው በልቡ ምን ያህሉን መልሶ እንደሚጠብቅ ይለካል። ይህን ድርሻ «ተጠባቂ» ይሉታል። መቶ ከወጣ ልገሳው ልገሳ አይደለም፣ ግዢ ነው። ዜሮ ከወጣ ደግሞ ሁለንተናው ስጦታ ነውና ሙሉው ከግብር ይቀነሳል። በመካከል ያለው ሁሉ እንደ ቁጥሩ ይሸራረፋል።

ሕጉ ራሱ ከማሽኑ በፊት የነበረ ነው። ድሮም አንድ ድርጅት ገቢ ማሰባሰቢያ እራት አዘጋጅቶ ትኬት ሲሸጥ፣ የበላኸው ክትፎ በገበያ ዋጋው ይነሣና የተረፈው ብቻ ነበር እንደ ልገሳ የሚቆጠርልህ። ክትፎውንማ ለራስህ ነው የበላኸው። ሰው ግን ብልጥ ነው፤ ክትፎውን ትቶ በስም፣ በሹመት፣ በጨረታ መብላት ጀመረ። መንግሥትም ሆድ ማየት ቢያቅተው ልብ የሚያይ ማሽን አሠራ።

ዘቢደር የልገሳ መርማሪ ናት። መጠርጠር ሥራዋ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ከሥራው በፊት ግን ጠባይዋ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ሁሉም ሰው ይተርተዋል፤ እሷ ገንፎ ስትበላ በእርግጥ ትፈልገዋለች። ከአዲስ አበባ ተዛውራ ድሬ ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን የምታምነው ሐኪም፣ የምታዋየው ጎረቤት፣ የገባችበት እድር የላትም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟት ተኝታ የጎረቤቷ ሴትዮ ሾርባ ብታመጣላት፣ ዋጋውን ካልነገርሽኝ አልጠጣም ብላ ሾርባው ቀዘቀዘ። ሴትዮዋ ሁለተኛ አልመጣችም። ዘቢደርም «ይኸው፣ የሆነ ነገር ፈልጋ ነበር ማለት ነው» ብላ ደመደመች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃዋ አቶ ማንያዘዋል ቢሮው ጠራት። ግድግዳው ላይ የከተማዋ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በብርሃን ነጥብ ተሥለው ይታያሉ፤ ለጋሾቻቸው ብዙ የሚጠብቁት ቀይ፣ ጥቂት የሚጠብቁት ቢጫ። መጋላ ሰፈር ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ነበረች።

«ይቺ ነጯ ‹ጥላ ለሁሉ› ትባላለች» አለ አቶ ማንያዘዋል። «የቀዝቃዛ ቤቱ ድርጅት። የለጋሾቿ ተጠባቂ ዜሮ ነው። የአንዱ የሁለቱ እንዳይመስልሽ፤ የሁሉም።»

ዘቢደር ሳቀች። ብትስቅ አይፈረድባትም። በዚህ ማሽን መነኮሳት እንኳ ሠላሳ ይወጣሉ፤ መንግሥተ ሰማያት አለቻ! እናት ለልጇ ስትሰጥ እንኳ ጧሪ ቀባሪዋን ታስባለች። የመጋላ ባለሱቅ፣ ያውም ግብር የሚቀነስለት፣ ዜሮ?

«አታልለዋል» አለች።

«ለእኔም የሚመስለኝ እሱ ነው። እንዴት እንዳታለሉ ፈልገሽ አምጪልኝ። ከተገኘባቸው የድርጅቱ ፈቃድ ይነሣል፤ ለጋሾቹም የተቀነሰላቸውን ግብር ከነቅጣቱ ይመልሳሉ።»

«ቀዝቃዛ ቤቱስ?»

«ይዘጋላ! እንዲያ ተቀጥቶ ማን ሁለተኛ ይለግሳል? ለዚህ ነው ሐሩሩ ሳይገባ ጨርሺው የምልሽ። ከገባ በኋላ ብንዘጋው ሰው ገደሉ ይሉናል።»

ቀልድ አልነበረም። በዚያ ዘመን ግንቦት ሲጋመስ የድሬ ሙቀት ሰው ይጥላል። ቤቱ ማቀዝቀዣ ያለው በሩን ዘግቶ ይከርማል፤ የሌለው፣ ይልቁንም ሽማግሌና ሕመምተኛ ከሆነ፣ ቀኑን ቀዝቃዛ ቤት ካላሳለፈ ማታ ሬሳው ይወጣል። ያለ ክፍያ የሚያስገባው ደግሞ የጥላ ለሁሉ ቤት ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዘቢደር ወደዚያው ሄደች። ቤቱ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ ዳር መሬት ውስጥ ተቆፍሮ የተሠራ ነው፤ ደረጃውን ሲወርዱ ብርዱ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። በሩን የከፈተችላት ቁልፍ በአንገቷ ያንጠለጠለች ወፍራም ሴት ነበረች።

«አቦ ቶሎ ግቢ! ብርዱን ታስወጪብናለሽ።»

«የድርጅቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሙና አብዱሌ እርስዎ ነዎት?»

«ሙና ነኝ። ‹እርስዎ› የምትባለዋን ግን አላውቃትም። እዚህ ድሬ ነው፣ እናቴ። ከግብር ቤት ነሽ አይደል? ፊትሽ ያስታውቃል።»

ዘቢደር ፊቷ ምን እንዳለው አልጠየቀችም። በቀጥታ ወደ ነገሯ ገባች። «ለጋሾቻችሁን ማነው የሚያሠለጥናቸው?»

«ምን ብሎ?»

«ማሽኑ ላይ ልባቸውን ዝም እንዲያሰኙ።»

ሙና እስኪያስላት ሳቀች። «የመጋላን ነጋዴ? አፉን ዝም ያሰኘው የለም፣ ልቡን ላሠልጥነው?»

ዘቢደር በሣቅ የምትረታ አይደለችም። መንግሥት ለድርጅቱ የሰጠውን ልብ መዛኝ ገለባብጣ አየች፤ ማኅተሙ አልተነካም። ግድግዳውን መታ መታ አደረገች። ሙና ሻይ ብታቀርብላት አመሰግናለሁ ብላ ተቀበለችና፣ ዞር ስትልላት በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልብ የሚያረጋጋ መድኃኒት ቢኖርበትስ? ከሰዓት በኋላ ስታስመረምረው የተገኘው ስኳር ብቻ ነበር፤ የመረመረው ባለሙያ ግን መጠኑን አይቶ እጅግ ደንግጧል።

«እሺ፣ ገንዘቡን ከየት ነው የምታሰባስቡት?» አለች ዘቢደር። «እራት የላችሁም። ሎተሪ የላችሁም። ማስታወቂያ የላችሁም።»

«ልቅሶ ቤት ነዋ።»

«ልቅሶ ቤት?»

«ሰው ሲሞት ምግብ ይመጣል፣ ታውቂያለሽ። ጎረቤት ሁሉ ይሸከምና ይመጣል። በዚህ ሙቀት ግማሹ ሳይበላ ይበላሻል። እኔ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነኝ፤ አንድ ቀን ተነሥቼ ‹ጎበዝ፣ ግማሹን አምጡ፣ የግማሹን ዋጋ ለቀዝቃዛ ቤቱ ስጡ› አልኩ። ማሽናችሁንም ድንኳኑ በር ላይ አቆምኩት። ይኸው ነው።»

እድር! ዘቢደር የምትፈልገውን ያገኘች መሰላት። የእድር መዋጮ ከግብር አይቀነስም። ከፋዩ የራሱን ድንኳንና የራሱን ሬሳ ሣጥን ነው የሚገዛው፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እነዚህ ሰዎች የቀብር መዋጮአቸውን በልገሳ ስም እያሳለፉ ነው ብላ አሰበች። የቀረው ማሽኑን እንዴት እንዳሳመኑት ማወቅ ነው።

«ይልቅ ማሽናችሁን አሠሩልን» አለች ሙና። «ጋሽ ልሳኑን ሁልጊዜ ይመልሰዋል።»

ጥግ ላይ፣ ቀዝቃዛ አየር በሚነፋው ቱቦ ሥር፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ባቡሮች ራሳቸውን መንዳት ሳይጀምሩ በፊት የባቡር ነጂ የነበሩ ናቸው። ከጡረታቸው ለቤቱ ሊሰጡ መዳፋቸውን ሲያስቀምጡ ማሽኑ ቁጥር አይናገርም፤ «ብልሽት» ብሎ ገንዘቡን ይመልሳል። እሳቸውም ብሩን ለሙና በእጅ ይሰጧታል፣ ግብሩም አይቀነስላቸውም።

ማሽን የሚያበላሽ ሰው፣ አለች ዘቢደር በልቧ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ተገኘ።

ብዙም ሳትጠብቅ መጋላ ውስጥ የዕቃ ነጋዴ የነበረች ሴት ሞተች። ዘቢደር የማንም እጅ ያልነካውን የእጅ ልብ መዛኝ ከቢሮ አውጥታ ልቅሶው ቤት ሄደች፤ የድርጅቱን ማሽን አስነሥታ የራሷን ተካችበት። ድንኳኑ ከላይ ውሃ እየተረጨበት ይቀዘቅዛል፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል፤ የሟች እህት ድምፅ መሐል ላይ ይነሣና ይወድቃል። ዘቢደር እንዲህ ያለ ቦታ ከሥራ ውጪ መጥታ አታውቅም። የት እንደምትቆም ቸግሯት ከማሽኑ ጋር ተጣብቃ ቆመች።

የመጀመሪያው ሰው ብረታ ብረት ነጋዴ ነበር። መዳፉን አስቀመጠ። «ዜሮ» አለ ማሽኑ።

«ምን ትጠብቃለህ፣ ወንድሜ?» አለችው።

«ከልቅሶ? ምን ይጠበቃል ደግሞ ከልቅሶ!» ብሎ አለፈ።

ሁለተኛው ዜሮ። ሦስተኛው ዜሮ። ዘቢደር ማሽኑን አጥፍታ አበራችው። ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ እማማ ዛህራ የሚሏቸው፣ በልጃቸው ሚስት ተደግፈው መጡ።

«እማማ፣ እርስዎስ ከዚህ ስጦታ ምን ይጠብቃሉ?»

«አዪ ልጄ! ነግ በኔ ነዋ» አሉ፣ መዳፋቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ። «እኔ ስሞት ማን ሊያለቅስልኝ ነው? ይቺ ሟች የባለቤቴ ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን አልተነሣችም። ልቅሶ ብድር ነው፤ ዛሬ እመልሳለሁ፣ ነገ ለእኔ ይመለሳል።»

«ዜሮ» አለ ማሽኑ።

ዘቢደር ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች። ሴትዮዋ እጠብቃለሁ እያሉ በአፋቸው ነግረዋታል፤ ማሽኑ አይጠብቁም ይላል። እንግዲህ የሚዋሸው ሰው አይደለም፤ ማሽኑ ነው። ወዲያው ደግሞ ጋሽ ልሳኑ መጡ፤ ልቅሶ ሊደርሱ ሳይሆን ብራቸውን ሊሰጡ። ማንም ባልነካው በእሷው ማሽን ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«ብልሽት።»

ሽማግሌው አልገረማቸውም። ብራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ድንኳኑ ውስጥ ሳይቀመጡ ሄዱ። ዘቢደር በዓይኗ ሸኘቻቸው። ማሽን ያበላሻሉ ብላ የጠረጠረቻቸው ሰው ማሽኑን ከመዳፋቸው በቀር በምንም አልነኩትም።

ጥርጣሬ አንዴ ከተነሣ ባለቤቱንም አይምርም። ከሰው ላይ ተነሥቶ ማሽኑ ላይ ወጣ፤ ከማሽኑም ማሽኑን ወደ ሠሩት ሄደ። ልብ መዛኞች ሁሉ የሚስተካከሉበት ቤተ ሙከራ ከሳቢያን ሰፈር ወዲያ ነው፤ ኃላፊው ዶክተር ዓለምነህ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ እጃቸውን የሚያሻሹ ሰው ናቸው።

«ዶክተር፣ ዜሮውን ከየት አመጣችሁት?» አለቻቸው ገና ሳትቀመጥ።

«ከየት ማለት?»

«ሚዛን ባዶውን ዜሮ እንዲል ይደረጋል። ልብን በምን ባዶ አደረጋችሁት?»

ዶክተሩ እጃቸውን አሻሹ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። እስካሁን የጠየቀን የለም። መጀመሪያ መነኮሳትን ለካን፤ ከፍ አሉ። እናቶችን ለካን፤ እነሱም እንደዚያው። የኔ ቢጤዎች እርስ በርስ ሲሰጣጡ ለካን፤ ምርቃት ይጠብቃሉ። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል የሥራ ባልደረባችን አባት ሞቱና ለቅሶ ሄድን። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልን። ልቅሶ ቤት ማን ትርፍ ፈልጎ ይሄዳል? መሣሪያውን ወሰድን፤ እውነትም የሁሉም ልብ አንድ ዓይነት ነበር። እንደ ረጋ ውሃ። ይኼ ነው ዜሮ አልን።»

«ዶክተር፣ እርስዎ ያገሩ ሰው አይደሉም?»

«ነኝ እንጂ።»

«ለቅሶ ያልመጣን ሰው ምን ይሉታል?»

ዶክተሩ እጃቸውን ማሻሸት አቆሙ። ለእናታቸው ለቅሶ ያልመጣውን የአጎታቸውን ልጅ ስንት ዓመት እንዳኮረፉት ትዝ ሳይላቸው አልቀረም።

«ብድር ነው» አሉ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ። «አቤት! እንዴት አላየነውም?»

«ሁሉም እኩል ስለሚጠብቅ ነዋ። የረጋውን አይታችሁ ባዶ መሰላችሁ። አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ከእነዚህ ያነሰ የሚጠብቅ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ሰው ቢመጣ ማሽኑ ምን ይላል?»

«ከዜሮ በታች ሊኖር አይችልም ብለን ነበር። ስለዚህ እንዲያ ያለ ንባብ ሲመጣ…» እጃቸውን ዳግም አሻሹ። «‹ብልሽት› እንዲል አድርገነዋል።»

ዘቢደር ከወንበሯ ተነሣች። ሙሉ ዕድሜዋን ስትፈልገው የኖረችው ነገር ነው እኮ! ምንም የማይጠብቅ ሰው አለ። አንድ ብቻም አይደለም፤ በየሰፈሩ ጥቂት ጥቂት፣ ማሽኑ ብልሽት እያለ የመለሳቸው። እውነተኞቹን ሰጪዎች በር ላይ ስንመልስ፣ አበዳሪዎቹን በክብር ስናስገባ ነው የኖርነው! ደስ አላት፤ ደስታዋም ውስጥ እልህ ነበረበት።

«ዜሮውን ማውረድ ይቻላል?» አለች።

«ይቻላል፤ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ግን ካወረድነው ልቅሶ ቤት የሚሰጡት ሁሉ ወደ ሃምሳ ይወጣሉ። ያ ቀዝቃዛ ቤት አብሮ ይወድቃል። ሐሩሩም ደጃፍ ላይ ነው።»

«ሕጉ የተሰጠውን ከተሸጠው ለዩ ይላል እንጂ ሐሩሩን እዩ አይልም። እስክደውል ግን አይንኩት። መጀመሪያ አንድ ሰው ማየት እፈልጋለሁ።»

ልታያቸው የፈለገችው ጋሽ ልሳኑን ነበር። ወደ ቀዝቃዛ ቤቱ ስትወርድ ቅዱስ ሊጎበኝ እንደሚሄድ ሰው ነጠላዋን አስተካከለች። ሽማግሌው ከቱቦው ሥር፣ በዚያው ቦታቸው ነበሩ። አጠገባቸው ባሉት ወንበሮች ሰው አልተቀመጠም።

«ጋሽ ልሳኑ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ መጥቼ ነው። ለዚህ ቤት ሲሰጡ ምን ይጠብቃሉ?»

«ምንም።»

«ምስጋናስ?»

«ምን ያደርግልኛል?»

«ከእግዜርስ?»

«ከእሱ ጋር ከተኳረፍን ቆየን» አሉ፣ ያለ ቁጣ፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው።

ዘቢደር ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «ታዲያ ለምን ይሰጣሉ?»

«ብሩ እቤት ከሚቀመጥ ብዬ ነው። የሚጠይቀኝ ሰው የለኝም። እድሩን ተውኩት፤ ማን እንዲመጣልኝ ብዬ እከፍላለሁ? ስሞት ማዘጋጃ ቤቱ ያነሣኛል፣ ደንቡ ነው። ድሮ ድሮ በር ሲንኳኳ እደነግጥ ነበር፤ ልጄ ይሆን፣ የሥራ ጓደኛዬ ይሆን እያልኩ። አሁን አልደነግጥም። ካልጠበቅሽ አያምሽም። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ቀላል ሆኖልኛል።»

ዘቢደር ስትመጣ ይዛው የነበረው ደስታ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም። ከፊቷ የተቀመጡት ሰው ቅዱስ አልነበሩም፤ ሰው ሁሉ የወጣበት ባዶ ቤት ነበሩ። ከዜሮ በታች ያለው ንጽሕና መስሏት ነበር፤ ለካ ተስፋ መቁረጥ ኖሯል። እማማ ዛህራ «ነግ በኔ» ሲሉ ነጋዴነት አልነበረም። እነዚያ ሰዎች እኔ ስወድቅ የሚያነሣኝ አለ ብለው ነው የሚሰጡት፤ ያም እምነት ከብሩ ጋር አብሮ የሚሰጥ ነገር ነው። ያገሩ ሊቃውንት በስህተት ያስቀመጡት ዜሮ ትክክለኛ ቦታው ላይ ኖሯል።

ከሁሉ በላይ ግን ያስፈራት ሌላ ነገር ነው። «ካልጠበቅሽ አያምሽም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። ራሷ ብዙ ጊዜ ለራሷ ብላዋለች፣ ያውም እንደ ጥበብ ቆጥራው።

ተነሥታ ጥግ ይዛ ለአቶ ማንያዘዋል ደወለች።

«ማሽኑን ማንም አልነካውም» አለችው።

«ታዲያ ያ ሁሉ ዜሮ?»

ዜሮው ከልቅሶ ቤት የተነሣ መሆኑንም ሆነ እማማ ዛህራ ያሏትን አልደበቀችውም፤ ሁሉን ነገረችው።

«በቃ!» አለ አቶ ማንያዘዋል፣ ድምፁ በርቶ። «እየጠበቁ ነው። ያው የእድር መዋጮ ነው። ፈቃዱን እናንሣው።»

«አይደለም። የእድር መዋጮ ድንኳንና ሣጥን ይገዛል፤ ድንኳንና ሣጥን ዋጋ አላቸው። ይኼ ከመዋጮው ውጪ ነው። የሚጠብቁት እንባ ነው። ሕጉ ቀንሱ የሚለው የጥቅሙን የገበያ ዋጋ ነው፤ እንባ የት ገበያ ነው የሚሸጠው?»

«አልቃሽ ይከፈላት የለም?»

«አልቃሽ ተከፍሏት ሄዳለች፤ ብድር አትመልስም። እነዚህ ደግሞ ብድሩ በሚመለስላቸው ቀን ሞተዋል። ጥቅሙን የሚቀበል ግብር ከፋይ በሕይወት የለም። ከማን ላይ ልትቀንስ ነው?»

አቶ ማንያዘዋል የሕጉን ገጽ ሲያገላብጥ በስልኩ ተሰማት። ሕግ አዋቂ ነውና ቀዳዳ እየፈለገ እንደሆነ ገባት። «ሰበብ አጣሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ንገሪኝ፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትይኝ? በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰው የማታምን ተብለሽ የተመረጥሽው?»

«በጽሑፍ እልክልሃለሁ» አለችና ዘጋችው። ቀጥላ ለዶክተር ዓለምነህ ደወለች። «ዜሮውን አይንኩት፤ ያለበት ይቆይ። ‹ብልሽት› የሚለውን ግን ያስተካክሉ። እንዲያ ያለ ሰው ሲመጣ ማሽኑ ብሩን ይቀበለው። ከዚያ የሆነ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀው።»

«ማን ነው የሚጠይቀው?» አሉ ዶክተሩ። እሷም ወደ ጋሽ ልሳኑ አየት አድርጋ ስልኩን ዘጋች።

ስትዞር ሙና ቁልፏን እያንቃጨለች ከኋላዋ ቆማ ነበር። ምን ያህሉን እንደሰማች አያስታውቅም፤ ዓይኖቿ ግን እንባ አዝለዋል።

«አንዘጋም ማለት ነው?»

«አትዘጉም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሙና፣ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ላይ እየጮኸች። ከዚያ የቤቱን ልብ መዛኝ ከመደርደሪያው አንሥታ ፊቷ አስቀመጠችው። «እንግዲያው አንድ ነገር ስጪ። ስንት ቀን ስታስጨንቂን ከርመሽ፣ ሻዬንም ሰርቀሽ፣ በነፃ አትሄጂም።»

ዘቢደር ፈገግ አለች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ስንቱ ሰው መዳፉን ሲያስቀምጥ ስታይ ኖራ፣ የራሷን አስቀምጣ አታውቅም። ለልገሳ ገንዘብ ሰጥታ አታውቅም ነበር፤ የሚገባው ድርጅት አልተገኘማ። አሁን መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ደመወዟን አሰበችና «አንድ ሺህ ብር» አለች።

ማሽኑ አጉረመረመ። ረጅም ጊዜ አጉረመረመ።

«ብልሽት።»

መዳፏን በቀሚሷ ጠረገችና ደግማ አስቀመጠች። «ብልሽት።» ለሦስተኛ ጊዜ ልትሞክር ስትል ሙና እጇን ያዘቻት። የሙና መዳፍ ወፍራምና ሞቃት ነበር። ዘቢደር እጇን ሰው ከያዘው ስንት ጊዜ እንደሆነው ለማስታወስ ሞከረችና ተወችው። ከቱቦው ሥር ጋሽ ልሳኑ ቀና ብለው አዩአት፤ እንደሚያውቋት ሰው ነበር ያዩአት።

«አቦ ተይው፣ ዕቃ ነው» አለች ሙና። ማሽኑን ገፋ አድርጋ ወንበር ሳበችላት። «ቁጭ በዪ። እድራችን ላስገባሽ ነው፤ እሺ በዪ፣ አትበዪ፣ አልሰማሽም። መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፣ ለሁሉም ሰው አንድ ነው። አንቺ ብትሞቺ መጀመሪያ የምንጠራው ማንን ነው?»

ዘቢደር አሰበች። አለቃዋ በአሳቧ መጣና ሄደ። ሾርባ ያመጣችላት ጎረቤት መጣች፤ ስሟን እንኳ አለመጠየቋ ትዝ አላትና አፈረች። ሙና አልቸኮለችም፤ ቁልፏን በአንገቷ ላይ እያዞረች ትጠብቃለች። እንዲህ ተዝናንቶ የሚጠብቃት ሰው ዘቢደር አይታ አታውቅም። በመጨረሻ ቀና ብላ አየቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከሰው አንድ ነገር ለመነች።

«አንቺን።»